የአባቴ አንገት በችሎት ፊት

አባቴ ችሎት ይወዱ ነበር። ሌላው ሰው ገበያ ወጥቶ እንደሚውል እሳቸው ፍርድ ቤት ይውላሉ። የራሳቸው ጉዳይ ኖሯቸው አይደለም፤ የሰው ነገር ለመስማት ነው። ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ከሐረር ሸዋ በር ውጭ ካለው ቤታችን ይወጡና ከዳኛው ግቢ ገብተው፣ አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ። ሲመለሱ ማን እንደረታ፣ ማን እንደተረታ፣ የትኛው ነገረ ፈጅ ከዘራውን እየሰበቀ ምን እንዳለ ለእናቴ እየተነሱ እየተቀመጡ ያሳዩዋታል። እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሙግት ሲሰሙ ኖረው የራሳቸው የሚሉት አንድ ክስ አልነበራቸውም። ከጎረቤት አይጣሉም፣ ድንበራቸውን የገፋ የለም። እናቴ፣ «እኚህ ሰው አንድ ቀን ከራሳቸው ጋር ይካሰሳሉ» ትል ነበር።

እናቴ እንደ ፈራችው ሳይሆን ክሱ በካሚዮን መጣላቸው።

ነገሩ የሆነው መኪና በሐረርና በድሬዳዋ መካከል መመላለስ በጀመረበት፣ ጣልያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። እኔ ያኔ ባሌን ፈትቼ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ታላቅ እህቴ ድሬዳዋ ወልዳ፣ አራስ ልንጠይቅ ቅቤና ማር ይዘን ተነሣን። በበቅሎ አድረን የምንገባበትን መንገድ ካሚዮኑ ለምሳ ያደርሰናል ተባለ። ካሚዮኑ በከተማው ግንብ ውስጥ የሚኖሩ የአንድ ሐረሪ ነጋዴ ንብረት ነው። ቡና ወደ ባቡር ጣቢያ ያወርዱበታል፤ ከቡናው በላይ ደግሞ ሰው ይጭኑበታል። አባቴ ለክብራቸው ሲባል ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። እኔ ጆንያው ላይ፣ ወተት ከሚሸጡ ሁለት ሴቶች ጋር ወጣሁ።

ሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ስንደርስ አንዲት ግመል መንገዱ መሀል ተኝታለች። ባለ ግመሉ ገመዷን ይጎትታል፤ እሷ ግን ጉዳዬ አላለችም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ግመሏ ቀና ብላ አየችውና ማመንዠኳን ቀጠለች። ያን ጊዜ ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። ካሚዮኑ ቀጥ አለ፤ እኛ ግን አልቆምንም። ጆንያውም፣ ሴቶቹም፣ ወተቱም፣ እኔም ወደ ፊት ተከመርን። ጉልበቴ ከብረቱ ጋር ተላትሞ ዓይኔ ጨለመ።

አባቴ ከፊት እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ሾፌሩ በኋላ እንደተናገረው ራሳቸው እንደ ደወል ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ባርኔጣቸው በርሮ ከግመሏ አፍንጫ ሥር ወደቀ። ግመሏ አሸተተችውና ተነሥታ ሄደች።

ሾፌሩ ደንግጦ፣ «ጌታዬ፣ ደህና ነዎት?» አላቸው።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባቴ።

«ምንም አልሆኑም?»

«ምንም አልል፣ ተመስገን። አንተስ ደህና ነህ?»

ይህን ሁላችንም ሰማን። ባለ ግመሉም ሰማ። ባርኔጣቸውን አራግፈን አቀበልናቸው፤ ድሬዳዋ ገባን፤ አራሷን እንኳን ማርያም ማረችሽ አልን፤ ገንፎ በላን፤ ተኛን።

በማግሥቱ አባቴ ከአልጋቸው አልነሣ አሉ። «ልጄ፣ ነይ እስቲ፣ አንገቴ የለም» አሉኝ። አንገቱስ ነበረ፤ አልታዘዝ ብሎ ነው እንጂ። ወደ ቀኝ አይዞርም፣ ወደ ግራ አይዞርም፣ ወደ ታች አያጎነብስም። ሰው ሲጠራቸው ሙሉ ሰውነታቸውን እንደ በር ያዞራሉ። ካሚዮን ፊት አልደርስም ብለው በቅሎ ተከራይተን ተመለስን፤ በቅሎዋ በተራመደች ቁጥር እያቃሰቱ።

እናቴ ከበር ተቀብላ አየቻቸው። «ምን ሆኑ?»

«መኪና ጎዳኝ።»

ከእግር እስከ ራሳቸው መረመረቻቸው። ቁስል የለ፣ ደም የለ፣ እብጠት የለ። «የቱ ጋ?»

«አይታይም» አሉ አባቴ። ከሕመማቸው ይልቅ ይህ አለመታየቱ እንዳሳፈራቸው ገባኝ።

ኤረር በር አጠገብ አንድ የታወቁ ባልቴት ወጌሻ ነበሩ። ይዣቸው ሄድኩ። ወጌሻዋ በቅቤ እያሹ ከጆሯቸው ሥር እስከ ትከሻቸው ዳበሱና፣ «አጥንት አልተሰበረም፣ አልሐምዱሊላህ። ሥሩ ደንግጧል» አሉ። ከዚያ ሸምበቆ ሰንጥቀው ዙሪያውን አስረው በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት። አባቴ ከዚያ ቤት ሲወጡ አገጫቸው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ፣ አንገታቸው እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሶ ነበር።

መከራው የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በአገራችን አንገት ያለው ለማጎንበስ መሆኑን ያወቅሁት አባቴ ማጎንበስ ሲያቅታቸው ነው። መንገድ ላይ ሹም ያልፋል፣ ሰው ሁሉ እጅ ይነሣል፤ አባቴ ግትር ብለው ሰማይ ያያሉ። ሽማግሌ ሰላም ይላቸዋል፤ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቁልቁል ይመለከቱታል። ቤተ ክርስቲያን ቄሱ መስቀል ሲያሳልሟቸው ዝቅ ማለት ስላልቻሉ ቄሱ ክንዳቸውን ወደ ላይ መዘርጋት ነበረባቸው፤ ቄሱ ደግሞ አጭር ናቸው። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ «መኪና ቢሳፈሩ ኮሩ» አለ። እናቴ ውኃ ቀድታ ስትመለስ «ባልሽ ምን ተሾሙ?» ይሏታል።

አባቴ ግን ሐሳባቸው ሌላ ነበር። ዓይናቸው በርቷል። «ክስ አለኝ» አሉ፣ ሌላ ሰው «ልጅ ተወለደልኝ» በሚልበት ድምፅ።

መጀመሪያ ባለቤቱን ማነጋገር ደንብ ነውና ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄድን። እኔ ጎን ጎናቸው እየሄድኩ፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ደረጃ ሲመጣ «ደረጃ» እያልኩ እነግራቸዋለሁ፤ እግራቸውን ማየት አይችሉምና። ነጋዴው ጢማቸውን ሒና የቀቡ፣ ደልደል ያሉ ደግ ሰው ነበሩ። ከመደባቸው ተነሡ።

«እንኳን ደህና መጡ! ደህና ነዎት? ቤተሰቡ ደህና ነው?»

አባቴ ዝም።

«ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ይህን ጥያቄ አልመልስም» አሉ አባቴ።

ነጋዴው እኔን አዩኝ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

«ወላሂ፣ ሰላም ማለቴ ነው» አሉ ነጋዴው።

«አውቃለሁ። ግን መልሴ ይያዝብኛል። ሾፌርዎ ደህና ነዎት ወይ ብሎኝ ደህና ነኝ ብዬ ነው ይኸው ዛሬ የምሠቃየው።»

ነጋዴው በቅንነት አዘኑ። የወጌሻዋን ዋጋ እኔ ልክፈል፣ አንድ በግ ደግሞ ልላክ፣ ይቅር ለእግዜር ይበሉኝ አሉ። ማንም ሌላ ሰው እዚያው ተስማምቶ በጉን እየጎተተ ይመለስ ነበር። አባቴ ግን የሚወዱት ነገር ከእጃቸው ሊያመልጥ እንደሆነ ገባቸውና ፈጥነው ተነሡ። «አይሆንም! ዋስ ይጥሩ፣ በሕግ ይሁን» አሉ። ነጋዴው እያዘኑ ዋስ ጠሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙግቱ እስኪያልቅ አባቴ «ደህና» የሚለውን ቃል ከአፋቸው አላወጡም። ጎረቤት «እንዴት አደሩ?» ሲላቸው «በክስ ላይ ነው» ይላሉ። «ጤናዎስ?» ሲባሉ «ገና አልተወሰነም» ይላሉ። ያልታደለ አንድ የሩቅ ዘመድ ከገጠር መጥቶ፣ ከልቡ ስለ ጤናቸው ጠይቆ ይህን መልስ ሲያገኝ፣ እጄን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባኝና «ጭንቅላታቸውንም መትቷቸዋል እንዴ?» አለኝ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አባቴ ሲቆሙበት የኖሩትን አጥር ትተው ለመጀመሪያ ጊዜ መሀል ገቡ። ዳኛው ክብራቸውን አጥብቀው የሚወዱ፣ ወፍራምና ቁጡ ሰው ነበሩ። ሲገቡ ሁሉም እጅ ነሣ፤ አባቴ ብቻ ተገትረው ቀሩ።

«ይህ ሰው ምን ነካው?» አሉ ዳኛው። «በእኔ ችሎት አንገቱን የሚያቀና ማነው?»

«ጌታዬ» አሉ አባቴ፣ «ክሴ ይኸው ነው።»

ሰው ሳቀ፤ ዳኛው አልሳቁም። ሾፌሩ ቀርቦ ቃሉን ሰጠ። ፍሬን መርገጡን አልካደም፤ ግን «ደህና ነዎት ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ። ምንም አልሆኑም ስላቸው ምንም አልል አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?» አለ። የወተት ሻጮቹ ሴቶች ተጠሩ፤ አዎ፣ ብለዋል አሉ። እኔም ለምስክርነት ተቆጠርኩ። ሰምተሻል ወይ? ሰምቻለሁ። ጉልበቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ስቀመጥ ስነሣ ይጮህ ነበር፤ የእኔን ጉልበት ግን ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ ዳኛም የጠየቀ የለም። ብጠየቅም ደህና ነው ማለቴ አይቀርም።

ዳኛው ወደ አባቴ ዞሩ። «በገዛ አፍህ ደህና ነኝ ብለህ አሁን ካሳ ትጠይቃለህ?»

አባቴ ይህን ሰዓት ሲጠብቁት የኖሩ ይመስለኛል። ማጎንበስ ስላልቻሉ ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጌታዬ፣ ጠዋት ሲገቡ ‹እንዴት አደራችሁ› ብለውን ነበር። ምን ብለን መለስን?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አላችሁ።»

«ሁላችንም?»

«ሁላችሁም።»

«ያ እዚያ ጥግ ከባላጋራው ጋር በሰንሰለት የታሰረውስ?»

ዳኛው ወደ ጥጉ አዩ። እስረኛው ተነሥቶ እጅ ነሣና፣ «አዎ ጌታዬ፣ ደህና ብያለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። «በዚህ አገር ደህና አይደለሁም ብሎ የሚመልስ የሞተ ሰው እንኳ አይገኝም» አሉ አባቴ። «ደህና ማለት ሰላምታ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም!» ዳኛውም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ የአባቴን ፊት ባላየውም፣ ጀርባቸው ብቻውን ደስ ሲለው ይታየኝ ነበር።

ነጋዴውም ግን ቀላል ሰው አልነበሩም። ቀስ ብለው ተነሡ። «እሺ፣ ደህና አይደሉም እንበል። ዓይን ሲጠፋ ካሳው ይታወቃል። ጥርስ ሲወልቅ ይታወቃል። ጣት ሲቆረጥ ይታወቃል። ወጌሻዋ ሥሩ ደንግጧል ብለዋል። ለደነገጠ ሥር ካሳው ምንድን ነው? ደግሞስ መኪና ቆሞ ሰው ይጎዳል? ሲሄድ ቢጎዳ ይገባኛል። የእኔ መኪና ግን የተከሰሰው በመቆሙ ነው።»

ይህ ዳኛውን አሳሰባቸው። የቆመ ነገር እንዴት ሰው ይመታል? በሬ ቢሆን ይወጋል፣ በቅሎ ብትሆን ትረግጣለች። በመጨረሻ፣ «በዓይኔ ካላየሁ አልፈርድም። መኪናው ይቅረብ፣ ግመሏም ትቅረብ» አሉ።

በቀጠሮው ከሸዋ በር ውጭ ያለው መንገድ በሰው ሞላ። ገበያተኛው ዕቃውን ጥሎ መጣ። ካሚዮኑ ታጥቦ ቀረበ። ግመሏ ግን ከባለቤቷ ጋር ቆላ ወርዳለች ተባለ። በእሷ ቦታ እንጨት የጫነች አህያ ሊያቆሙ ሞከሩ፤ አህያዋ ካሚዮኑን ስታይ ከነእንጨቷ ሮጠች። ዳኛው ትዕግሥታቸው አለቀና አንድ ዘበኛ ግመል እንዲሆን ታዘዘ። ዘበኛው ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠ፣ አማተበ፣ መንገዱ መሀል ተኛ።

ዳኛው ከሾፌሩ ጎን ወጡ። መኪና ተሳፍረው እንደማያውቁ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸው ግን የመሳፈር ልማድ እንዳለው ሰው እግራቸውን አነባብረው ተቀመጡ። ካሚዮኑ ተነሣ። ዳኛው ግራና ቀኝ ለሕዝቡ እጃቸውን ያነሣሉ። ሾፌሩ ላብ ያጠምቀዋል፤ መንገድ ላይ የተኛውን የመንግሥት ሰው ከገደለ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ስለዚህ ከሐረማያው ቀን ይልቅ አጥብቆ ረገጠ። ዘበኛው ደግሞ ጩኸቱን ሲሰማ ተነሥቶ እግሬ አውጪኝ ብሎ ነበር። ባዶ መንገድ ላይ ካሚዮኑ ቀጥ አለ። የዳኛው ራስ ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ባርኔጣቸው በረረ።

አቧራው ሳይሰክን ሾፌሩ ከልማድ የተነሣ፣ «ጌታዬ፣ ደህና ነዎት?» አለ።

ዳኛው ከተማው ሁሉ እየሰማ፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሕይወታቸው እንደዚያ ሲረኩ አይቻቸው አላውቅም።

በማግሥቱ ዳኛው አልተሰየሙም። በሳልስቱ ብቅ ሲሉ አንገታቸው ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ወጌሻዋ ወደ ግቢያቸው ሲገቡ ያየ ሰው ቀድሞ ነግሮናል። ከሳሽና ዳኛ ሁለቱም ሰማይ ሰማይ እያዩ ተፋጠጡ። አሁን እንግዲህ ተረታሁ ብለው የሚያስቡት ነጋዴው ነበሩ። ግን ዳኛው ችግር ገጠማቸው። ለአባቴ ቢፈርዱ ለራሳቸው አንገት ፈረዱ ይባላል። በአባቴ ላይ ቢፈርዱ ሕመማቸው አይፈቅድም። ብዙ ካቃሰቱ በኋላ፣ «ነገሩ ሰፊ ነው፣ ሽማግሌ ይየው» ብለው ተገላገሉ።

ሽማግሌዎቹ አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህ፣ አንድ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ብዙ ተከራክረው ያገኙት ፍርድ ነጋዴው የወጌሻዋን ዋጋ እንዲከፍሉ፣ አንድ በግም እንዲሰጡና ይቅር እንዲባባሉ ነው። በጉ መጣ። እናቴ ዞራ አየችው።

«ይሄ መጀመሪያ እሰጣለሁ ያሉት በግ አይደለም?»

«ነው፤ ግን ወፍሯል» አልኳት።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተቀበሉትም?» አለች ወደ አባቴ ዞራ።

«ያን ጊዜ በግ ነበር» አሉ አባቴ። «አሁን ካሳ ነው።»

አባባላቸው ኩራት የተሞላበት ቢሆንም በጉ ሲታረድ ብዙ አልበሉም። ዳኛው ፍርዳቸውን ሰጥተው፣ እሳቸው ረትተሃል ተብለው፣ ሰው እልል ብሎ እንዲሸኛቸው ነበር ምኞታቸው። ዕርቅ ደግሞ የሚረታ ሰው የለውም። አንገታቸው ከጊዜ በኋላ ተሻለው፤ ወደ ግራ ብቻ ትንሽ ያስቸግራቸው ነበር።

ከተማው ግን ከዚያ ወዲያ አንገቱን አወቀ። ካሚዮን የተሳፈረ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይወርድ ጀመር። አንዱ እንኳ ተሳፍሮ ሳይሆን ካሚዮኑ ሲያልፍ አጥብቆ በማየቱ አንገቱ እንደተጣመመ ተናግሮ ሽማግሌ ልኳል። ነጋዴው ሲጨንቃቸው ሾፌራቸውን፣ ተሳፋሪን ስለ ጤናው እንዳትጠይቅ ብለው አዘዙት። ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር አፉን ዘግቶ ፊት ለፊቱን ያይ ነበር። ተሳፋሪው ደግሞ፣ «ምን ያለው ባለጌ ነው፣ ተርፋችኋል ወይ እንኳ አይልም!» እያለ በዚህም ይከሰው ጀመር።

አባቴና ነጋዴው ከዕርቁ በኋላ ወዳጅ ሆኑ። አባቴ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ደጃፍ ይቀመጡና ያላለቀውን ሙግት ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ነጋዴው ራሳቸው ወደ ቤታችን መጡ፤ ፊታቸው ጠቁሯል። አንድ ትልቅ መኮንን ከነአጃቢያቸው መንገድ ላይ ካሚዮኑን አግኝተውት፣ በቅሏቸው ተወራጭታ የፊቱን መብራት በርግጫ አውልቃዋለች። አጃቢዎቹ ደግሞ ሾፌሩን ደብድበውታል።

«እርስዎ ሙግት ያውቃሉ» አሉ ነጋዴው። «አላህ ያክብርልኝ፣ ይሟገቱልኝ።»

አባቴ ወጣት ሆኑ። በቅሎ ስታጠፋ ባለቤቷ እንዲከፍል ዳኞች ስንት ጊዜ ሲፈርዱ ሰምተዋል! ንግግራቸውን ስንት ጠዋት ጓሮ ለጓሮ ሲለማመዱ ዶሮዎቹ ሰሙላቸው። ንጹሕ ለብሰው ሁለቱም ወደ መኮንኑ ግቢ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆምን። ቀትር ሲሆን አንድ አጋፋሪ ወጣ።

«የመኪናው ሰዎች እናንተ ናችሁ?»

«አዎ ጌታዬ» አሉ አባቴና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምጣታችሁ ጥሩ ሆነ፤ ጌታችን ሰው ሊልኩባችሁ ነበር። በቅሎዋ ብረት ረግጣ ሰኮናዋን ታማለች። ካሳ ትከፍላላችሁ።»

አባቴ አፋቸውን ከፈቱ። ያ ሁሉ የተለማመዱት ንግግር እዚያ ነበር፤ ሲወጣ ግን አላየሁም። አጋፋሪው ዞሮ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። አባቴ ዋስ ሆነውላቸው ነጋዴው የበቅሎዋን ካሳ ከፈሉ፤ ሾፌሩ በአንድ መብራት ብዙ ወራት ነዳ።

ያን ቀን ነጋዴው ከግቢው ስንወጣ ዝም ብለን ወደየቤታችን አንለያይም አሉን። ግንብ ውስጥ ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰዱን። ሥጋ ስለማንጋራ ባለቤታቸው ዳቦ፣ ሙዝና ብርቱካን አቀረቡልን። አባቴ አንድ ብርቱካን እየላጡ፣ በዝግታ፣ ለአጋፋሪው ሊሉት ያሰቡትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሉት። ነጋዴው ጉልበታቸውን እየመቱ ይሰሟቸዋል። ሲጨርሱ ነጋዴው፣ «ማሻ አላህ፣ እኔ ዳኛ ብሆን እፈርድልዎት ነበር» አሉና ሙዙን ወደ እኛ ገፋ አደረጉት።